አደፍርስን ለብቻችሁ አታንብቡት

ስለ «አደፍርስ» የሰማ ሰው ብዙ ነው። አንብቦ የጨረሰው ግን ጥቂት ነው። ዳኛቸው ወርቁ ይህን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ከባድ ነው» የሚለው ስም አልለቀቀውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አማርኛ ያጠና ሰው ብትጠይቁ «አዎ፣ ኮርስ ላይ ነበረን» ይላችኋል። ስለ ታሪኩ ስትጠይቁት ግን ወሬው ያጥራል። ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያኖሩት፣ ጀምረው መሃል ላይ የተዉት ሰዎች በየከተማው አሉ። እዚህ ደብረ ማርቆስም ሞልተዋል።

እኛ አብረን አንብበን ጨርሰነዋል። አሁን መጽሐፉን የማየው በሌላ ዓይን ነው። «አደፍርስ» የሚከብደው ለአንድ ሰው ነው። ዳኛቸው የገጠር ሰዎችን አፍ ሰብስቦ ነው የጻፈው። ያን ሁሉ አፍ አንድ ሰው በዝምታ ብቻውን ሊሸከመው ሲሞክር ይደክማል። ብዙ ሰው ሲከፋፈለው ግን ይፈታል።

የጀመርነው በክልሉ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ነው። ስልካችን ለመደወል ብቻ ሆኖ ነበር። ማታም በጊዜ ቤት መግባት ግድ ነበር። የቀረን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ እንሰበሰባለን። ግን ወሬያችን ሁሌ አንድ ቦታ ይሄዳል። መንገዱ ተከፈተ ወይ? ዘይት ስንት ገባ? እገሌ ደህና ነው? እንደዚያ እየተባባልን ከመጣንበት የባሰ ከፍቶን እንለያያለን። አንድ ቀን ጋሼ «ልጆች፣ እንደዚህ ሆነን አንዘልቅም። እስቲ አንድ ነገር እናንብብ» አሉ። ተነሥተው ከመደርደሪያቸው ያወጡት መጽሐፍ «አደፍርስ» ሆነ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የምንሰበሰበው እሳቸው ቤት ነው። ባለቤታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ መጽሐፉን በእጃቸው አይዙም። ቡናቸውን እያፈሉ ያዳምጣሉ። ከዚያ ሁላችንም ስንከራከር የቆየንበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁጭ ያደርጉታል። ከጓደኞቻችን አንዱ ልጅነቱን በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ያሳለፈ ነው። አሁን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ሲስተር ነርስ ናት። ሌላው በምህንድስና ተመርቆ ሥራ ስላላገኘ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። እኔም አለሁ። አንዳንዴ ጎረቤት ይጨመራል።

መጀመሪያ የተደናቀፍነው በቋንቋው ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሰሜን ሸዋ፣ በይፋት በኩል፣ አርማንያ በምትባል አገር ነው። ዳኛቸው ራሱ የደብረ ሲና ሰው ነው። ሰዎቹን ያናገራቸው አዲስ አበባ በሚጻፍበት አማርኛ አይደለም፤ በአገራቸው አነጋገር ነው። ተረቱ፣ እርግማኑ፣ ልመናው፣ ግጥሙ ሁሉ የዚያ አገር ነው። እኛ ደግሞ ጎጃሜዎች ነን። አማርኛችንን የምንመካበት ሰዎች ነን። እና የራሳችን ቋንቋ ላይ ቆመን ቀረን። ቃሉን እናውቀዋለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም።

ያወጣችን ሲስተር ናት። ያደገችው ደብረ ሲና አካባቢ ነው። ባሏን ተከትላ ነው ማርቆስ የመጣችው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙም አልተናገረችም። በሁለተኛው ባጃጅ ነጂው ከመጽሐፉ ሰዎች የአንዷን፣ የወይዘሮ አሰጋሽን፣ ንግግር እየተንገዳገደ ሲያነብ ትዕግሥቷ አለቀ። «ኧረ አምጣው! እንደሱ አይደለም የሚባለው» ብላ ተቀበለችው። ጮክ ብላ አነበበችው። በአያቷ ድምፅ ነው ያነበበችው። እኛ ምርቃት የመሰለን ሽሙጥ ሆኖ ተገኘ። ተራ ጥያቄ የመሰለን ደግሞ ማስፈራሪያ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ባላባት ወይዘሮ ገብታ የተቀመጠች መሰለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አሰጋሽ የሲስተር ሆነች፤ ሌላ ሰው አያነባትም።

ሌሎቹንም ተከፋፈልን። መጽሐፉ በስሙ የተጠራውን ወጣት፣ አደፍርስን፣ ባጃጅ ነጂው ወሰደው። የካህናቱን ንግግር የቅኔ ቤቱ ጓደኛችን ያዘ። ትረካውን ጋሼ ያነባሉ። ይህ ያቀለለውን ነገር መናገር ያስቸግረኛል። መጽሐፉ ውስጥ ንግግር ይበዛል። ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚጠፋችሁ ቦታ አለ። ብቻችሁን ስታነቡ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ይሄ የእሱ፣ ይሄ የእሷ። በድምፅ ሲነበብ ግን መቁጠር አያስፈልግም። ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። ሁለት ሰው ሲጣላ ጆሯችሁ ያውቃል። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ የራሱን ሲቀጥልም ታውቃላችሁ። እንዲያውም የመጽሐፉ ትልቁ ጉዳይ እሱ መሰለኝ፤ ሰዎቹ ይነጋገራሉ እንጂ አይሰማሙም። በዓይን ብቻ ሳነበው ይህን አላየሁትም ነበር።

አሁን ስለ ቅኔ ቤቱ ልጅ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ያለ እሱ አንጨርሰውም ነበር።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ሁላችንም እንኮራለን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ብለን እንዘረዝራለን። ግን እዚያ ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ጥቂት ነን። ጓደኛችን እንደነገረን ቅኔ ብቻውን የሚማር ሰው የለም። ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፤ ያቃናሉ። የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው ከቦ ይሰማል። ከዚያ ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ያ ነው እያለ ይከራከራል። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት። በእሷ ላይ ውሎ ማደር አለ። ማንም «ይህች ሁለት መስመር ምነው ከበደች» ብሎ አያማርርም። መክበዷ ነው የሰበሰባቸው።

የመጻሕፍት ትርጓሜም እንደዚሁ ነው። አንዱ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ይተረጉማል። አንድ ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሦስተኛም ይመጣል። ተማሪው ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

ጓደኛችን ይህን ሥርዓት በእኛ ላይ አመጣው። ሕጉ ቀላል ነበር። «አልገባኝም» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። የመሰለህን ትናገራለህ፤ ግምትም ቢሆን። ሌላው ደግሞ «ተሳስተሃል» አይልም። «አንድም» ብሎ የራሱን ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ አንዲት አንቀጽ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት የቆየንበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ባጃጅ ነጂው ይቸኩል ነበር። «በዚህ አያያዝ መቼ ልንጨርስ ነው?» ይላል። በኋላ ግን ከሁላችን በላይ የሚያስቆም እሱ ሆነ። «ቆይ ቆይ፣ አንድም» ይላል።

ይህን የምናገረው ጠንክሬ ነው። ከባድ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የግድ ከሌላ አገር የተቀዳ የንባብ ክበብ አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ ለዘመናት የኖረ ሥርዓት አለ። በጎጃም ያለ ማንኛውም ሰፈር ቢፈልግ ይህን የሚያውቅ ሰው አያጣም። ወይ ድቁና ያለው ጎረቤት አለ፤ ወይ ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለ። እነዚህን ሰዎች ዘመናዊ ልብ ወለድ አንብቡልን ብሎ የሚጋብዛቸው የለም። ያሳዝነኛል። ከሁላችን የሠለጠነ ጆሮ ያላቸው እነሱ ናቸው።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ሲሰማ «የራሳችን ሐዲስ እያለ ምነው የሸዋውን መረጣችሁ?» ያለን አልጠፋም። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ «አደፍርስ» ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለ። ግን የሁለቱ ዕድል የተለያየ ነው። በዛብህንና ሰብለን ያላነበበውም ያውቃቸዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። እትዬ አንድ መስመር ሳያነቡ ሙሉውን ታሪክ ያወሩላችኋል። አንድ ሬዲዮ ከበው፣ ጎረቤት ተጠራርተው ነው የሰሙት። እሱም እኮ አብሮ ማንበብ ነው። «አደፍርስ»ም እንደዚያ በጥሩ ድምፅ ቤት ለቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አይፈራውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ማስተያየታችን ግን ጠቀመን። ጋሼ አንድ ቀን የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጉዱ ካሣን አነሡ። ጉዱ ካሣም አደፍርስም አሮጌውን ሥርዓት ይነቅፋሉ። ጉዱ ካሣ ግን ከውስጥ ነው። የዚያው የባላባት ዘመድ ነው፤ በቋንቋቸው ይናገራል፤ እነሱም «አበደ» ብለው ያልፉታል። አደፍርስ ከውጭ የመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። መጽሐፍ አንብቦ፣ ነገሩን ሁሉ በሐሳብ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ከሁሉም ጋር ይከራከራል፤ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልማድ። ባጃጅ ነጂው መጀመሪያ በጣም ወደደው። ራሱን ነው ያየበት። እየቆየ ግን ተናደደበት። «ሁሉን ያውቃል። አንድ ሰው ጠይቆ መልሱን ቁጭ ብሎ ሲሰማ አላየሁም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር። የራሱን ወንድም የሚወቅስ ይመስል ነበር።

ጋሼ አልተቀበሉትም። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ለእኛ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የምናውቀው ኑሮ የሆነው።

በዚያ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አገር ቤት ወጥተው እንዲያገለግሉ ደንብ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ይሆናሉ። አደፍርስም አርማንያ የሄደው እንዲሁ ነው። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። እነሱ ትምህርት ቤትም እንደዚህ ያለ ወጣት መጣ። ጠጉሩን አጎፍሯል። ከተማው አፈጠጠበት። ካህናቱ አልወደዱትም፤ ወላጆችም ጠረጠሩት። «ግን» አሉ ጋሼ፣ «ክፍል ውስጥ ቆሞ ‹አንተስ ምን ትላለህ?› ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ምን እንደማስብ ጠይቆኝ አያውቅም። አስተማሪ የሆንኩት በእሱ ነው። እናንተ አደፍርስ ይለፈልፋል ትላላችሁ። ለእኛ መለፍለፉ አየር ነበር።»

ሁላችንም ጸጥ አልን። የቅኔ ቤቱ ጓደኛችን ቀስ ብሎ «አንድም» አለ። አባቱ የነገሩትን አመጣ።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ጎጃም አልተቀበለውም። በሞጣ፣ በብቸና፣ በዳሞት ገበሬው ተነሣ። የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። መሬቱ ይገመታል፣ ይለካል፣ በመጨረሻም ርስቴ ከእጄ ይወጣል የሚል ሥጋት ነው። ጦር ተላከበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። የጓደኛችን አባት ከተነሡት አንዱ ነበሩ። አዋጁን ሊያስረዱ ስለ መጡት የተማሩ ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው ያወሩ ነበር አለን። «ለእናንተ የሚበጀውን እናውቃለን ይሉን ነበር» ይላሉ። «እንዴት ከርማችኋል ያለን ግን የለም።»

«አደፍርስ» የታተመው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቦታው ሸዋ ነው፤ የመሬቱም ሥሪት የእኛ አይደለም። ጥያቄው ግን ያው ነው። ለውጥ የያዘ ሰው ገጠር ሲገባ ማንን ነው የሚያየው? አዋጁን ያወጣው መንግሥትና መንግሥቱን የሚቃወመው ተማሪ ጠላቶች ነበሩ። ገበሬው ፊት ሲቆሙ ግን አንዳንዴ አነጋገራቸው ይመሳሰላል። ይህን ዳኛቸው በዚያ ጊዜ ማየቱ ይደንቀኛል። ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ ሰልፍ በሚወጣበት ዘመን የለውጡን ወጣት ጀግና አድርጎ ብቻ መጻፍ ቀላል ነበር። ወይም አጣጥሎ መጻፍ። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። አደፍርስን እንድንወደውም፣ እንድንናደድበትም፣ እንድንሳሳለትም አደረገን።

ስለ አደፍርስ የሚስማማ አጣን። በመጨረሻ እትዬ ሲኒውን እያቀረቡ «ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «ቆሞ ነው እንጂ የሚናገረው። ቁጭ ብሎ ቢሆን ይሰሙት ነበር።»

ሲስተር ግን ክርክሩ ከመነሻው አልጣማትም። «ስለ አደፍርስ ብቻ ነው የምታወሩት» አለችን። እሷ የያዘችው ጺወኔን ነው። ጺወኔ የወይዘሮ አሰጋሽ ልጅ ናት። በእናቷ ቁጥጥር፣ በጸሎትና በጾም ያደገች ልጅ ናት። እናት በአንድ በኩል ይስቧታል፤ አዲሱ ትምህርት በሌላ በኩል። «ሁሉም ስለ እሷ ያስባል» አለች ሲስተር። «እሷ ምን ታስባለች የሚለውን ፈልጉልኝ።» ወደ ኋላ ተመልሰን ጺወኔ ያለችባቸውን ገጾች ብቻ አነበብን። በሲስተር ትእዛዝ ማንም አስተያየት አይሰጥም፤ ዝም ብሎ መስማት ነው። ልጅቷ የምትናገረው ትንሽ ነው፤ በዙሪያዋ የሚነገረው ግን ያ ሁሉ። ሲስተር በሥራዋ እንደዚህ ያሉ ልጆች በየቀኑ ታያለች። እናታቸው ትናገርላቸዋለች፤ እነሱ ወለሉን ያያሉ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የጺወኔ መጽሐፍ አድርጌ ነው የማየው። ጋሼ አይስማሙም። ይሁን።

እንከን የለሽ መጽሐፍ ነው እያልኩ አይደለም። ዳኛቸው ክርክሩን የሚያስረዝምበት ቦታ አለ። ሰዎቹ ጠፍተው የደራሲው ሐሳብ ብቻ የቀረ የሚመስልበት ገጽ አለ። እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ አንብበን አልፈናል። እስከ ዛሬ ያልፈታናቸው ቦታዎችም አሉ፤ ጋሼ በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ባጃጅ ነጂው የመጽሐፉን ታሪክ በጥቂት ደቂቃ የሚተርክ ቪዲዮ አገኘ። አብረን አየነው። ማን ማንን እንደወደደ፣ ማን ምን እንደሆነ በትክክል ይናገራል። ግን ባዶ ነው። የወይዘሮ አሰጋሽ ሽሙጥ የለም። የጺወኔ ዝምታ የለም። የ«አደፍርስ» ታሪኩ ብቻውን ቀጭን ነው፤ ሀብቱ አነጋገሩ ላይ ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ቢታጠር ብዙ አይጎድልበትም። ይሄኛው ግን ሲታጠር አይተርፍም። ልጁም ገብቶት ቪዲዮውን ሳይጨርስ ዘጋው።

ልትጀምሩት የምታስቡ ካላችሁ የእኔ ምክር ይህ ነው። በመጀመሪያ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ፈልጉ። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመንዝ፣ ብቻ የዚያ በኩል ሰው። መዝገበ ቃላት የእሱን ያህል አይረዳችሁም። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ተረቱንና ግጥሙን ዘላችሁ አትለፉ፤ እዚያ ላይ ነው ሰዎቹ ልባቸውን የሚያወጡት። በአንድ ቀን ብዙ ገጽ ለመጨረስ አትጣደፉ። ዕድሜ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ይኑር። ያ ዘመን ከመጽሐፉ ውጭ እንዴት እንደነበረ የሚነግራችሁ እሱ ነው። እንደ ጋሼ ያሉትን ደግሞ አሁን ነው መጠየቅ።

የመጨረሻው ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ያነበብነው ዕለት ማንም «አንድም» አላለም።

አሁን ጎረቤቶች መጽሐፉን ማዋስ ትችላላችሁ ወይ ብለው እየጠየቁን ነው። ጋሼ ሊሰጡ ነበር። እትዬ ናቸው የከለከሉት። መጽሐፉ ከቤት አይወጣም አሉ፤ ማንበብ የፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ። ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀምረናል። ወይዘሮ አሰጋሽን አሁንም ሲስተር ናት የምታነባት። አደፍርስን ግን ባጃጅ ነጂው ለአዲስ ልጅ ለቀቀ። እሱ በዚህ ዙር ጋሼን ተክቶ ትረካውን ነው የያዘው።